ከሠርግና ከለቅሶ መሐል ያለው ወሬ

በኮሎራዶ አውሮራ፣ ቻምበርስ ሮድ፣ ለቀድሞ ተማሪ እህቶች ጉባኤ የቀረበ ዲስኩር

 

እዚህ አዳራሽ ውስጥ የእቴጌ መነን ልጆች አሉ። የናዝሬት ስኩል ልጆች አሉ። የደሴው ወይዘሮ ስኂን፣ የጎንደሩ ፋሲለደስ፣ የደብረ ማርቆሱ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ የደብረ ብርሃኑ ኃይለ ማርያም ማሞ ያሳደጋቸው አሉ። ከስድስት ኪሎ የተመረቁ፣ ከጎንደር ጤና ኮሌጅ የወጡ፣ ባሕር ዳር ፔዳ ግቢ የተማሩ አሉ። ዕድሜያችን ይለያያል፤ ሃይማኖታችን፣ የመጣንበት አገርና የመጣንበት ምክንያት ይለያያል። አንድ የሚያደርገን ነገር ግን አለ፤ ሁላችንም በልጅነታችን ከሌሎች ሴት ልጆች ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን ተምረናል። ዛሬ የምናገረው ስለ እነዚያ ልጆች ወሬ ነው። እነማን ምን ሆኑ? ስለ እነሱስ ምን እንሰማለን? ምንስ ሳንሰማ እንቀራለን?

ሁላችሁም የምታውቁትን ነገር ላስታውሳችሁ። የባች ልጆች የቴሌግራም ወይም የዋትስአፕ ግሩፕ የሌላት ሴት እዚህ ውስጥ ያለች አይመስለኝም። አንዷ ልጇ ስትመረቅ ፎቶ ትለጥፋለች። ከሥሩ «እንኳን ደስ አለሽ» ይዘንባል፤ አበባው፣ ጭብጨባው፣ ልቡ ይደረደራል። ከጥቂት ቀን በኋላ የአንዷ አባት ማረፋቸው ይነገራል፤ «ነፍስ ይማር» ይከተላል፤ የለቅሶው አድራሻ ይላካል። ከዚያ ግሩፑ ጭጭ ይላል፤ ሌላ ሠርግ ወይም ሌላ ሞት እስኪመጣ ድረስ።

ምሥራቹ ይደርሰናል፤ መርዶው ይደርሰናል። በሁለቱ መሐል ያለው ሕይወት ግን አይደርሰንም። ከሥራ የወጣችው፣ የፈቃድ ፈተና የወደቀችው፣ ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘችው፣ ከወለደች ወዲህ እንቅልፍ የራቃት፣ ትዳሯ የተናጋባት እህታችን ስሟ ግሩፑ ውስጥ አለ፤ ወሬዋ ግን የለም። እኔ ዛሬ የምለው አንድ ነገር ነው። አብረው የተማሩ ሴቶች ማኅበር ዋና ሥራው ይህን የመሐሉን ወሬ መሰማማት ነው። ሠርጉንና ለቅሶውንማ ዘመድም፣ ሰፈርም፣ እድርም ያደርሰዋል።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ጥቂት ወደኋላ ልመልሳችሁ። ዓመታቱን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት በ1931 አዲስ አበባ ላይ ሲከፈት፣ ሴት ልጅን ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት መላክ ለብዙ ቤተሰብ የሚያስፈራ ነገር ነበር። ሴት ልጅ ቶሎ ትዳራለች እንጂ አዳሪ ትምህርት ቤት ትገባለች ተብሎ አይታሰብም ነበር። ቢሆንም ልጆቹ ገቡ። አምስት ዓመት ሳይቆይ የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባና ትምህርቱ ተቋረጠ። ከነጻነት በኋላ ትምህርት ቤቱ እንደገና ቆመ፤ ኋላም ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ መሩት። ወይዘሮ ስንዱ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው የተማሩ፣ በወረራው ጊዜ ከአርበኞች ጋር የቆሙ፣ ተይዘውም በጣሊያን አገር አዚናራ ደሴት የታሰሩ ሴት ናቸው። በ1957 የመጀመሪያው የፓርላማ ምርጫ ሲደረግ ተወዳድረው አሸነፉ፤ በኢትዮጵያ ምክር ቤት የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ሆኑ።

ይህን ታሪክ የማነሣው ለኩራት ብቻ አይደለም። እነዚያ አዳሪ ልጆች ያገኙት ትልቁ ነገር ፊደልና ቁጥር ብቻ አልነበረም፤ እርስ በርስ መታየት ነበር። አዳሪ ቤት ያደጋችሁ፣ ኋላም በዩኒቨርሲቲ ዶርም የኖራችሁ ታውቁታላችሁ። ተደራራቢ አልጋ ላይ ስትተኙ ከላይ ያለችው ስታለቅስ ከታች ያለችው ትሰማለች። ከቤት ብር የዘገየባት በሳሙናዋ ትታወቃለች፤ ከጓደኛዋ ስትዋስ ሁሉም ያያል። ፈተና የወደቀችው ሳትናገር ይነበብባታል። ያኔ የመሐሉን ወሬ ማንም ማንንም መጠየቅ አያስፈልገውም ነበር፤ በዓይን ይታይ ነበር። አንዷ ሻይ ታፈላለች፤ አንዷ ማስታወሻዋን ታውሳለች፤ አንዷ ክሊኒክ ትሸኛለች።

ከዚያ ተበተንን። በ1974 መጨረሻ የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ ብዙ ተማሪ ወደየገጠሩ ተላከ። ቀይ ሽብር መጣ፤ ብዙ ጓደኛ በዚያው ቀረ። የተረፈው በጎንደር በኩል፣ በሑመራ በኩል ሱዳን ገባ። አሜሪካ በ1980 የስደተኞች ሕግ ካወጣች በኋላ ከካርቱምና ከገዳሪፍ የመጡ ብዙዎች እዚህ አገር ሰፈሩ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ደግሞ የዲቪ ዕጣ የደረሳቸው፣ በትምህርትና በቤተሰብ ጥሪ የመጡ ተጨመሩ። ከአንድ ክፍል የወጡ ልጆች አንዷ አውሮራ፣ አንዷ ስቶክሆልም፣ አንዷ ቤይሩት፣ አንዷ አዲስ አበባ ሆኑ። በዓይን ይታይ የነበረው ወሬ በቃል ካልተነገረ የማይታወቅ ሆነ። እኛ ግን መናገር አልለመድንም፤ ምክንያቱም ድሮ አያስፈልገንም ነበር።

እስቲ የቆምንበትን መንገድ ተመልከቱ። ቻምበርስ ሮድ በሰሜን በዴንቨሩ ሞንትቤሎ ሰፈር አልፎ፣ አይ ሰባ የሚባለውን አውራ ጎዳና ተሻግሮ አውሮራ ይገባል፤ ኮልፋክስን፣ አላሜዳን፣ ሚሲሲፒን፣ አይሊፍን እያቋረጠ ወደ ደቡብ ይወርዳል። በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ ስንት የአገራችን ሴት ትኖራለች! አንዷ ሌሊት ተነሥታ ወደ አየር ማረፊያው ትነዳለች። አንዷ በኮልፋክስ በኩል ወደ አንሹትስ ሆስፒታሎች ታጥፋለች። አንዷ አረጋውያን ቤት ደብል ሺፍት ሠርታ ስትመለስ፣ አንዷ ልጇን ዴይኬር ልታደርስ ትወጣለች። በአንድ የትራፊክ መብራት ላይ ጎን ለጎን ቆመን የማንተዋወቅበት ጊዜ አለ፤ አንድ ትምህርት ቤት የተማርን፣ በአንድ ዓመት የተመረቅን ሴቶች።

አገር ቤት መደወልም የራሱ ችግር አለው። እዚህ በረዶው ሲጥል በእኛና በአዲስ አበባ መካከል 10 ሰዓት ልዩነት አለ፤ ሰዓት ሲቀየር 9 ይሆናል። እኛ ከሥራ ገብተን እራት በልተን ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ስልክ ስናነሣ፣ እዚያ ዶሮ እየጮኸ ነው። ስለዚህ ድምፅ ቀርቶ ጽሑፍ፣ ጽሑፍ ቀርቶ የአበባ ሥዕል እንልካለን። ሥዕል ደግሞ ምሥራችና ሐዘን እንጂ ሌላ ነገር መናገር አይችልም።

በመሐሉ ያለው ወሬ ምን እንደሆነ፣ ሳይሰማ ሲቀርም ምን እንደሚያስከፍል በሦስት ነገር ላሳያችሁ።

አንደኛው አራስነት ነው። አገራችን ውስጥ ወላድ ብቻዋን አትሆንም። እናቷ ትመጣለች፤ ጎረቤት ገንፎ ያገነፋል፤ እልል ይባላል፤ ወንድ ከሆነ እስከ 40 ቀን፣ ሴት ከሆነች እስከ 80 ቀን ክርስትናው እስኪደርስ ቤቱ ሰው አያጣም። እዚህስ? የልጁ ፎቶ ይለጠፋል፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይጻፋል። የወላዷ እናት ግን ቪዛ ተከልክላ ሳትመጣ ቀርታ ይሆናል፤ ባል ሌሊት ይሠራል፤ ወላዷ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን ሕፃን ታቅፋ በመስኮት በረዶ ታያለች። ስለ እንባዋ ለማንም አትናገርም፤ ልጅ ተሰጥቷት ማልቀስ ነውር ይመስላታል። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት የታወቀ ሕመም ነው፤ ሕክምናም አለው። ይህን ለመስማት ግን አንዲት «እኔም እንዲሁ ሆኜ ነበር» የምትል ጓደኛ ያስፈልጋታል። የእቴጌ መነን የራሳቸው ልጅ፣ ለንደን ተምረው ነርስ የሆኑት ልዕልት ፀሐይ፣ በ1942 ገና በወጣትነታቸው ያረፉት ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም ነበር። የወላድ ነገር የቤተ መንግሥትን ደጅ እንኳ የማይፈራ ነውና በዝምታ የሚታለፍ አይደለም።

በዚሁ ላይ አንድ ልጨምር። የኮሎራዶ ሕዝብ በኖቬምበር 2020 ድምፅ ሰጥቶ ፋምሊ የሚባለውን የተከፈለበት የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ አጸደቀ። መዋጮው ከ2023 መጀመሪያ አንሥቶ ይቆረጣል፤ ክፍያው በጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ተጀመረ። የወለደች ሴት፣ አባትም ጭምር፣ እስከ 12 ሳምንት የደሞዟን ከፊል እየተከፈላት ልታርፍ ትችላለች፤ በእርግዝናዋ ወይም በወሊዷ ችግር ከገጠማት 4 ሳምንት ይጨመርላታል። እናቱ በጠና የታመመችበትም ሊያስታምም ይችላል። ቢያንስ 2,500 ዶላር ደሞዝ ያገኘ አብዛኛው የኮሎራዶ ሠራተኛ ይመለከተዋል። በወለደች በአራተኛ ሳምንቷ ወደ ሥራ የተመለሰች እህት አውቃለሁ። መዋጮው ከደሞዟ ሲቆረጥ በቼኳ ላይ ታየው ነበር፤ ለምን እንደሚቆረጥ ግን የነገራት የለም። የተመረቀች፣ እንግሊዝኛ የምታነብ ሴት ናት። የጎደላት ዕውቀት ሳይሆን ወሬ ነበር። በግሩፗ ውስጥ ይህን ፈቃድ የተጠቀሙ ጓደኞች ነበሩ፤ እነሱም የለጠፉት የሕፃን ፎቶ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ሙያ ነው። የጎንደር ጤና ኮሌጅ በ1954 ሥራ ሲጀምር የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን አንድ ላይ አሠለጠነ፤ አንድ ቡድን ሆነው ወደየወረዳው እንዲሄዱ። ከዚያ ትምህርት ቤትና ከሌሎቹ የወጡ ነርሶች ዛሬ ዴንቨርና አውሮራ አሉ። አገራቸው ላይ ዋርድ የመሩ፣ ሌሊት ብቻቸውን አዋልደው ያደሩ ሴቶች እዚህ ሲመጡ በሲኤንኤነት፣ ማለትም በረዳት ነርስነት፣ ይጀምራሉ። ለዚያ ሥራ የፌዴራሉ ሕግ የሚጠይቀው ሥልጠና ቢያንስ 75 ሰዓት ነው። የያዙት ሙያ ግን የዓመታት ነው። ሲኤንኤ መሆን አያሳፍርም፤ በሽተኛ ማጠብና ማገላበጥ የተከበረ ሥራ ነው። የሚያሳዝነው ከዚያ ወደ ነርስነት የሚወስደው መንገድ እያለ ሳይታወቅ ሲቀር ነው።

መንገዱ ይታወቃል። የትምህርት ማስረጃ ይገመገማል፤ የእንግሊዝኛ ችሎታ ይረጋገጣል፤ ከዚያ ኤንክሌክስ የሚባለው ፈተና ይመጣል። በኮምፒውተር የሚሰጥ ነው። መልስሽን እያየ የሚቀጥለውን ጥያቄ ያከብዳል ወይም ያቀልላል፤ ከ85 እስከ 150 ጥያቄ ሊደርስ ይችላል። ኮምፒውተሩ በ85 ቢያቆም ወድቀሻል ማለት አይደለም፤ እስከ 150 ቢሄድም አልፈሻል ማለት አይደለም። ይህን አስቀድማ ያልሰማች ሴት ጥያቄው በበዛ ቁጥር ልቧ ይከዳታል። የወደቀች ሰው ቆይታ እንደገና መፈተን እንደምትችል ያልሰማችም አለች፤ አንድ ጊዜ ወድቃ «አልተጻፈልኝም» ብላ መጻሕፍቷን ለሰው የሰጠች። እዚያው ቻምበርስ ሮድ ላይ፣ ከእሷ ጥቂት መንገድ ርቃ፣ ሁለት ጊዜ ወድቃ በሦስተኛው ያለፈች የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ትኖራለች። የወደቀችው መውደቋን አልተናገረችም፤ ያለፈችውም የተናገረችው ማለፏን ብቻ ነው። ለጓደኛዋ የሚጠቅማት ግን የማለፏ ምሥራች ሳይሆን የመውደቋ ታሪክ ነበር።

ሦስተኛው ሕመም ነው። ካንሰርን በስሙ መጥራት የምንፈራ ሰዎች ነን፤ «ያ በሽታ» እንላለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ግን ከእናቶቻችን ሰምተናል። የአሜሪካ የመከላከል ሕክምና አማካሪ ቡድን በ2024 ባወጣው ምክር ሴቶች ከ40 እስከ 74 ዓመታቸው ድረስ በየሁለት ዓመቱ ማሞግራም እንዲነሡ ይላል። አሁን እጅ አውጡ አልልም። ነገር ግን እያንዳንዳችሁ አብራችሁ ከተማራችሁት መካከል 40 ዓመት ካለፋት አንዷን ለይታችሁ «ተነሣሽ ወይ?» ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ስለ ልጇ ምርቃት ጠይቀናታል፤ ስለ አዲሱ ቤቷ ጠይቀናታል። ይህን ግን አልጠየቅናትም፤ ታማ ስንሰማ ብቻ እንሮጣለን።

አሁን ስለ መርዶ ልናገር፤ ምክንያቱም እሱም ቢሆን እጃችን ላይ እየተበላሸ ነው። ወገናችን መርዶ የመንገር ጥበብ ነበረው። ሐዘን የደረሰባት ሴት መርዶዋን ከመንገድ አትለቅመውም። ሽማግሌዎችና የቅርብ ዘመዶች ይመካከራሉ፤ ከአጠገቧ ማን እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚናገር ይወስናሉ፤ ሳይነጋ ቤቷ ይሄዳሉ። ከተረዳች በኋላ የሚይዛት እጅ፣ የሚያስቀምጣት ሰው፣ ውኃ የሚሰጣት አለ። እዚህም ሰዎቻችን ይህን ለማቆየት ብዙ ይጥራሉ፤ ባልን ለብቻ ጠርተው ይነግራሉ፤ አለቃዋን አነጋግረው ፈቃድ ያስጨርሳሉ፤ ወጡን፣ እንጀራውን ይዘው በጠዋት ይመጣሉ።

ግን ይህም ሆኗል። አንዲት ነርስ የ12 ሰዓት የሌሊት ሺፍቷን ጨርሳ ከሆስፒታል ወጣች። መኪናዋ በረዶ ለብሳለች። ሞተሩን አስነሥታ የመስታወቱ በረዶ እስኪሟሟ ስልኳን ከፈተች። የእናቷ ፎቶ ነበር፤ ነጭ ነጠላ የለበሱት፣ በጥምቀት የተነሡት፣ እሷ ራሷ ያነሣቻቸው። ከሥሩ አንድ የክፍል ጓደኛዋ «ነፍስ ይማር» ብላ ጽፋለች። ከዚያ በታች ሌላ፣ ከዚያ በታች ሌላ። እናቷ ማረፋቸውን ያወቀችው እንዲህ ነው። ፓርኪንግ ሎት ውስጥ፣ ብቻዋን፣ መሪ ጨብጣ። ሽማግሌዎቹ በማግስቱ ጠዋት ሊነግሯት ቀጠሮ ይዘው ነበር። የጻፈችው ጓደኛ ክፉ ሰው አይደለችም፤ አዝናለች፤ ከልቧ ነው። ፍጥነቱ ግን ጥበቡን ቀደመው። ያቺ ነርስ በዚያ ሁኔታ ወደ ቤቷ ነድታ መድረሷ እግዚአብሔር ጠብቋት ነው።

እዚህ አገር ያሉ ሴቶች ይህን የመሰለ ነገር እንዴት እንዳደራጁት ማየት ይጠቅመናል። በአሜሪካ ኮሌጆች ሶሮሪቲ የሚባሉ የሴት ተማሪዎች ማኅበራት አሉ። ለእኛ ታሪክ ቅርብ የሆኑት የጥቁር ሴቶች ማኅበራት ናቸው። አልፋ ካፓ አልፋ በ1908፣ ዴልታ ሲግማ ቴታ በ1913፣ ሁለቱም በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረቱ። ዴልታዎች በተመሠረቱ በሁለት ወር ውስጥ፣ በማርች 3 ቀን 1913፣ ሴቶች የመምረጥ መብት እንዲያገኙ በዋሽንግተን በተደረገው ሰልፍ ወጡ። እኛ የምንኖርባት ኮሎራዶ ይህን መብት በሕዝብ ድምፅ በ1893 አጽድቃ ነበር፤ ለአብዛኛው አሜሪካ ግን ገና ነበረ።

ከእነዚህ ማኅበራት የምንማረው አባልነታቸው በምርቃት ቀን አለማለቁን ነው። ከኮሌጅ የወጡ አባላት በየከተማቸው ቅርንጫፍ አላቸው፤ እስከ ሞት ድረስ ይሰበሰባሉ፤ የአልፋ ካፓ አልፋ መጽሔት ከ1921 ጀምሮ ይታተማል። መሰባሰቡ በወሬ ብቻ አልቆመም፤ የተሰማው ወሬ ሥራ ሆነ። በ1930ዎቹ የአልፋ ካፓ አልፋ ሴቶች በሚሲሲፒ ገጠር የጥቁር ገበሬዎች ልጆች ሐኪም እንደማያዩ አወቁ። ከ1935 እስከ 1942 በየበጋው ዶክተሮች፣ ነርሶችና አስተማሪዎች ሆነው ወረዱ። የእርሻ ባለቤቶቹ ሠራተኞቻቸው ወደ ክሊኒክ እንዳይሄዱ ሲከለክሉ፣ እነሱ መድኃኒቱን በመኪናቸው ጭነው እርሻው ድረስ ሄዱ። ሕፃናትን ከተቡ፤ ጥርስ አዩ፤ ስለ ምግብ አስተማሩ። የመሐሉ ወሬ፣ ማለትም ማን እንደታመመና ማን ሐኪም እንዳጣ የሚናገረው ወሬ፣ ሲሰማ እንዲህ ያለ ፍሬ አለው።

እኛም ከባዶ አንነሣም። የጽዋ ማኅበር አለን፤ እድር አለን፤ እቁብ አለን፤ ቡና አለን። የጽዋ ማኅበርተኛ በተራዋ ትደግሳለች፤ የቀረችው ማኅበርተኛ ለምን እንደቀረች ይጠየቃል፤ ታማ ከሆነ ይኬድላታል። ይህ ሥርዓት ከብዙ የመገናኛ መሣሪያ ይበልጣል፤ መቅረት የሚታይበት ስለሆነ። በስልክ ግሩፕ ውስጥ መቅረት አይታይም። አንዲት ሴት ለሁለት ዓመት አንድ ቃል ሳትጽፍ ብትቆይ ስሟ እዚያው ዝርዝሩ ላይ አለ፤ ያለች ይመስለናል።

ለምን አንነጋገርም? ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። የመጀመሪያው ይሉኝታ ነው። «አሜሪካ ሄዳ ይህ ሆነች» እንዳንባል እንፈራለን። አገር ቤት ያለው ቤተሰብ በእኛ ይኮራል፤ የወር ብር ይጠብቃል፤ ስለዚህ ችግራችን የቤተሰባችንን ኩራት የሚያዋርድ ይመስለናል። ሁለተኛው የሐሜት ፍርሃት ነው፤ ይህም ከንቱ ፍርሃት አይደለም። ለአንዷ የነገርሽው የትዳርሽ ነገር በሳምንቱ ሲያትል ይሰማል። በተወራባት ነገር የተጎዳች ሴት ሁለተኛ አፏን አትከፍትም፤ ልክ ናት። ሦስተኛው ጊዜ ነው። ሁለት ሥራ የምትሠራ እናት በቀን ውስጥ የምታርፍበት ሰዓት ከስንት አንዴ ነው። እነዚህ ሦስቱ እውነተኛ ምክንያቶች ናቸው፤ በምክር ብቻ አይወገዱም። የሚያስፈልገው ሥርዓት ነው። ስለዚህ አምስት ነገር አቀርባለሁ።

አንድ፤ መዝገብ ይኑረን። ስም፣ ትምህርት ቤት፣ የጨረሱበት ዓመት፣ የሚኖሩበት ሰፈር፣ ስልክ። መዝገቡ በአንዲት ታማኝ ጸሐፊ እጅ ይቀመጥ እንጂ በየግሩፑ አይበተን።

ሁለት፤ ተረኛ ጠያቂ ይኑረን። እንደ ጽዋው ተራ ይድረስ። የወሩ ተረኛ ለተመደቡላት ጥቂት እህቶች ትደውል፤ አትጻፍ፣ ትደውል። ሦስት ነገር ትጠይቅ፤ ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራሽስ? በዚህ ወር የሚከብድሽ ነገር ምንድን ነው? ሦስተኛውን ጥያቄ ሰው በመጀመሪያው ጥሪ አይመልሰውም። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ወር ይመልሰዋል። ተረኛዋ መልስ ባታገኝ አትቀየም፤ ደግማ ትደውል።

ሦስት፤ የመርዶ ደንብ ይኑረን። ዘመድ የሞተባት እህት በሰው ፊት፣ በቤቷ፣ በወግ ሳትረዳ ማንም አባል በየትኛውም ገጽ ላይ አንድ ቃል እንዳይጽፍ። የሰማች ሴት የምትደውለው ለጸሐፊዋ ነው። ጸሐፊዋ ባሏን ወይም የቅርብ ሰዋን ታገኛለች፤ ከሥራ ሰዓቷ ጋር ታገናዝባለች፤ መሪ ጨብጣ እንዳትሰማ ትጠነቀቃለች። አገር ቤት ላሉ ጓደኞቻችንም ይህንኑ እንለምናቸው፤ ፎቶ ከመለጠፋቸው በፊት አንድ ቀን እንዲታገሡን።

አራት፤ የምስጢር ደንብ ይኑረን። ለተረኛ የተነገረ ነገር ከተረኛዋ አይወጣም፤ ርዳታ የሚጠይቅ ሆኖ ከተገኘ የሚተላለፈው ባለጉዳይዋ ስትፈቅድ፣ ለፈቀደችው ሰው ብቻ ነው። ቤቷ ውስጥ የምትደበደብ እህት ከሆነች ደግሞ ጉዳዩ የምስጢር ብቻ ሳይሆን የሕይወት ነው፤ ከእሷ ጋር ተመካክሮ ወደ ባለሙያ ማድረስ ግዴታችን ነው። ይህን ደንብ ያፈረሰች አባል ከተረኝነት ትወርዳለች። እምነት እንዲህ ነው የሚጠበቀው፤ በልመና አይጠበቅም።

አምስት፤ ያለፈችበት ታስተምር። ኤንክሌክስን ያለፈች ለምትፈተነው፣ የፋምሊን ፈቃድ የወሰደች ለእርጉዟ፣ ካንሰርን ታክማ የዳነች ለታመመችው። በየሦስት ወሩ አንድ ቅዳሜ፣ ቡና ተፈልቶ፣ አንዲት ሴት ያሳለፈችውን ከውድቀቷ ጀምራ ትናገር። የሰርተፊኬቱን ፎቶማ አይተነዋል።

ከዚህ ጋር አንድ አደራ አለኝ። በዚህ ከተማ የልጅ ልጅ ሊያሳድጉ የመጡ እናቶች አሉ። መኪና አይነዱም፤ በረዶ ሲጥል ቀኑን ሙሉ አፓርታማ ውስጥ ይውላሉ። ከመካከላቸው በወይዘሮ ስንዱ ዘመን መነን ትምህርት ቤት የገቡ፣ በመጀመሪያዎቹ የሴት ተማሪዎች ዘመን ስድስት ኪሎን የረገጡ፣ በዘመቻው ገበሬ ያስተማሩ ይኖራሉ። ልጆቻቸው እንኳ ይህን ታሪካቸውን ሙሉውን አልሰሙትም። ተረኛዋ ወደ እነሱም ትሂድ። ስልኳን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ድምፃቸውን ትቅረጽ፤ የክፍል ጓደኞቻቸውን ስም፣ የመምህሮቻቸውን ስም፣ ማን የት እንደደረሰ ይንገሩን። እነሱ ሲያልፉ የሚጠፋው አንድ ሙሉ የሴቶች ታሪክ ነው፤ ሲቀረጽ ግን ልጆቻችን እዚህ አገር ቆመው የሚናገሩት መነሻ ይሆናል።

እህቶቼ፣ የተማሩ ሴቶች መሆናችን ዕዳም አለበት። እኛን ለማስተማር ብዙ እናቶች ሳይማሩ ቀርተዋል፤ ጥጥ ፈትለው፣ ጠላ ሸጠው፣ እህል ወቅጠው አስተምረውናል። ያን ዕዳ የምንከፍለው ብር በመላክ ብቻ አይደለም። ከአጠገባችን ያለችው፣ የእነዚያው እናቶች ልጅ፣ ብቻዋን እንዳትወድቅ በመጠየቅም ነው። ጓደኛችንን በሠርጓና በለቅሶዋ ቀን ብቻ ካገኘናት፣ ያገኘናት ሰው በተሰበሰበበት ቀን ነው። የምትፈልገን ግን ሰው በሌለበት ቀን ነው።

መዝገቡ በመግቢያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ከመውጣታችሁ በፊት ስማችሁን፣ ትምህርት ቤታችሁን፣ የጨረሳችሁበትን ዓመት ጻፉ። ከሥሩም ወሬዋ የጠፋባችሁን የአንዲት ጓደኛችሁን ስም ጨምሩ፤ የት እንዳለች የምታውቅ ሌላ እህት እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ትኖር ይሆናል። የመጀመሪያውን ወር ተራ እኔ ወስጃለሁ። የሁለተኛውን ወር ተራ የምትወስደውን እህት ስም ዛሬውኑ፣ ሳንበተን፣ እንድትነግሩኝ እጠይቃለሁ።